ሰብዉፈር በአነስተኛ መኪና ውስጥ

ሰብዉፈር የድምፅን ታችኛ ክፍል፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 100 ሄርዝ ያለውን ብቻ፣ እንዲያሰማ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ነው። መኪና ላይ ሲገጠም አምፕሊፋየር፣ የድግግሞሽ ማጣሪያና ሣጥን ያስፈልገዋል፤ ከሦስቱ ቦታ የሚበላው ሣጥኑ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲቀርብ ርዝመቱ 3.6 ሜትር ገደማ ነበር። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ የሚተርፈው ስፍራ ጠባብ በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ሰብዉፈር መግጠም ዘወትር የቦታ እጥረት ጣጣ ተደርጎ ይታያል። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ጥበቱ ሣጥኑን ያሳንሳል እንጂ ድምፁን አይጎዳም፤ ጠባብ ክፍል ራሱ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚያጎላ ትልቅ ሣጥን የሚያስፈልግበትን ዋና ምክንያት ያስቀራል።

አመጣጥ

የመጀመሪያውን ሰብዉፈር ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ መስፈርቱ ይለያያል። የፈጠራ መብት ምዝገባን ለሚያስቀድሙ፣ የካሊፎርኒያው ሬይመንድ ዶንስ ለስቴሪዮ ማሟያ ይሆን ዘንድ ለነደፈው የዝቅተኛ ድምፅ ማጉያ በ1964 ያገኘው መብት ቀዳሚ ነው። ለሽያጭ የቀረበ የተሟላ ሥርዓትን የሚሹ ደግሞ የፊዚክስ ባለሙያው አርኖልድ ኑደልና አውሮፕላን አብራሪው ኬሪ ክሪስቲ በ1966 ወደነደፉት፣ ባለ 18 ኢንች ስፒከር ወዳለው ሰርቮ ስታቲክ ያዘነብላሉ። ሕዝብ ያወቀው በ1974 «ኧርዝክዌክ» በተሰኘው ፊልም፣ በሲኒማ ቤቶች በተተከለው ሴንሰራውንድ በተባለው የድምፅ ሥርዓት ነው የሚሉም አሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ የታሰቡት ለሰፊ ክፍል ነበር፤ ሰፊ ክፍልን በዝቅተኛ ድምፅ መሙላት ደግሞ ብዙ አየር መግፋትን ይጠይቃል። ጥሩ ቤዝ ያለ ትልቅ ሣጥን አይገኝም የሚለው እምነት ከዚያ የተወረሰ ይመስላል።

ለትንሽ መኪና የሚበጀው መነሻ ከዶንስ መብት በዐሥር ዓመት የሚቀድመው ነው። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ «አኮስቲክ ሪሰርች» የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ ኤአር-1 የተሰኘውን ስፒከር አወጣ። እስከዚያ ድረስ የስፒከሩን ኮን ወደ ቦታው የሚመልሰው በዋናነት የራሱ ማንጠልጠያ ግትርነት ነበር። ቪልቸር ማንጠልጠያውን አላላውና በታሸገ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየር አብዛኛውን ሥራ እንዲሠራ አደረገ። በዚህ ዘዴ ከ50 ሊትር ያልበለጠ ሣጥን፣ ብዙ እጥፍ የሚበልጡት የዘመኑ ሣጥኖች የሚደርሱበት ጥልቀት ድረስ ወረደ። ክሎስ በ1957 ተለይቶ ኬኤልኤች የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት ከአጋሮቹ አንዱ የዝነኛው ፒያኖ ተጫዋች የጆሴፍ ሆፍማን ልጅ፣ የፊዚክስ ባለሙያው አንቶን ሆፍማን ነበር። በስሙ የሚጠራው «የሆፍማን የብረት ሕግ» ጥልቅ ድምፅ፣ ትንሽ ሣጥንና በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ ማግኘት ሦስቱም በአንድ ላይ እንደማይገኙ፣ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን እንደሚከፍል ይደነግጋል። ስሌቱን ለማንኛውም ስፒከር እንዲሠራ ያደረጉት ኔቪል ቲል በ1961 እና ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ናቸው፤ ዛሬ ከስፒከር ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የሰፈሩት መለኪያዎች በሁለቱ ስም ይጠራሉ።

ሰብዉፈር ወደ መኪና በስፋት የገባው በ1980ዎቹ ነው። በሉዊዚያና የተሠራው ቱቦ መሰሉ ባዙካ ከቀደምቶቹ መካከል ይቆጠራል።

ክፍሉ የሚጨምረው ድምፅ

የሆፍማን ሕግ በቁጥር ሲታይ ጨካኝ ነው። የኃይል ብቃቱ ሳይቀንስ ከ60 ወደ 30 ሄርዝ መውረድ የፈለገ ሣጥኑን 8 እጥፍ ማሳደግ አለበት። ይሁንና ሕጉ የሚናገረው ስለ ስፒከሩና ስለ ሣጥኑ ብቻ ነው፤ ድምፁ ስለሚሰማበት ክፍል ዝም ይላል። የ40 ሄርዝ ሞገድ 8.6 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር 2.2 ሜትር በሚሆን የመኪና ክፍል ውስጥ ይህ ሞገድ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም፤ ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ የክፍሉ አየር በሙሉ ባንድ ጊዜ ይጨመቃል፣ ሲመለስ ባንድ ጊዜ ይላላል። ይህ የሚጀምረው የክፍሉ ርዝመት የሞገዱን ግማሽ በሚያክልበት ድግግሞሽ አካባቢ ሲሆን፣ ለ2.2 ሜትር ክፍል 78 ሄርዝ ገደማ ነው። ከዚያ በታች የድምፁ ግፊት በንድፈ ሐሳብ በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል ያድጋል። የታሸገ ሣጥን ደግሞ በተፈጥሮው ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል ይወድቃል። አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላል። 12 ዴሲቤል የአምፕሊፋየርን ኃይል 16 ጊዜ ከማብዛት ጋር ስለሚስተካከል ይህ እገዛ ቀላል አይደለም።

ክፍሉ ባጠረ ቁጥር እገዛው የሚጀምረው ከፍ ካለ ድግግሞሽ ነው። 3.5 ሜትር ክፍል ባለው ረጅም መኪና ድንበሩ ወደ 49 ሄርዝ ይወርዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይጫን ሲመታ 41 ሄርዝ ስለሚሰጥ፣ በትንሹ መኪና የጊታሩ ታችኛ ኦክታቭ ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል እገዛ ውስጥ ሲወድቅ በረጅሙ ጠርዙ ብቻ ይገባል። ንድፈ ሐሳቡ ግድግዳው የማይነቃነቅና አየር የማያስወጣ ክፍል ያስባል፣ የመኪና ጣሪያ ግን ስስ ላሜራ ነው፣ በሮቹም ያፈስሳሉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በተግባር የሚለካው ጭማሪ ያንሳል፣ መስኮት ሲከፈትም አብዛኛው ይጠፋል። ቢሆንም ከሚጠበቀው ግማሹ፣ 6 ዴሲቤል፣ ብቻ ቢገኝ እንኳ ኃይልን 4 እጥፍ እንደማሳደግ ነው፤ ያውም ከቦታው አንዲት ሊትር ሳይወሰድ።

የሣጥን ልክ

ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር በታሸገ ሣጥን በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃዋል፤ ቀዳዳ ላለው ሣጥን የዚያ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ወደ መደብር ሲኬድ የሚዘነጋው የእንጨቱ ውፍረት ነው። ውስጡ 40 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 18 ሊትር ይይዛል፤ በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሲሠራ ግን ከውጭ 27 ሊትር ይወስዳል። ከሚያዘው ቦታ ሲሶው እንጨት ነው ማለት ነው። የመኪናውን ጎን ቅርጽ ተከትሎ በፋይበር ግላስ የሚሠራ ሣጥን ውድ ቢሆንም ከስስነቱ ሌላ ካለዚያ ባዶ የሚቀር ጥግ ስለሚጠቀም ለጠባብ መኪና ይመረጣል።

ቀዳዳ ያለውን ሣጥን የሚደግፉ በተመሳሳይ ኃይል የበለጠ እንደሚጮህ ያስረዳሉ። በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ እውነት ነው፤ በድምፅ ብርታት ውድድር ለሚሳተፍ ሰው ምርጫው ተገቢ ነው። ለሙዚቃ ግን ሁለት እክል አለበት። ከቃኙ በታች በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል ስለሚወድቅ ከክፍሉ እገዛ ጋር አይመጣጠንም፤ ሁለቱ በሚደራረቡበት ቦታ ጉብታ ተፈጥሮ የተለያዩ ኖታዎች አንድ ዓይነት ጉምታ ሆነው ይሰማሉ። ሌላው፣ ሣጥኑ ባነሰ ቁጥር ለዝቅተኛ ቃኝ የሚያስፈልገው የቀዳዳው ቱቦ እየረዘመ ውስጡ አልገባ ይላል። የታሸገው ትንሽ ሣጥን ዕዳው በዋት የሚከፈል ነው፤ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ኃይሉን እጥፍ ያስጠይቃል። ክላስ ዲ የተባሉት አምፕሊፋየሮች ከተስፋፉ ወዲህ ዋት ከሊትር ረክሷል፤ ለዚህም ነው ከሆፍማን ሦስት ነገሮች በትንሽ መኪና ውስጥ መሠዋት ያለበት የኃይል ብቃት የሆነው።

የሚቀመጥበት ስፍራ

ከ80 ሄርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ ሰብዉፈር ዓይን በማያየው ቦታ ሊደበቅ ይችላል። ከወንበር ሥር የሚገባው፣ አምፕሊፋየሩን አብሮ የያዘው ጠፍጣፋ ዓይነት ምንም ቦታ አይሻማም፤ ነገር ግን ኮኑ ትንሽ፣ እንቅስቃሴውም አጭር በመሆኑ ከ40 ሄርዝ በታች ብዙ አይጠበቅበትም። በስኮርታ ጎማው መሃል የሚቀመጥ አለ፤ ቦዝ ለማዝዳ 3 በፋብሪካ ደረጃ ተጠቅሞበታል። ስኮርታውን አውጥቶ ጉድጓዱን በሙሉ ለሣጥን ማዋል ግን፣ ከከተማ መውጫ ላይ ጎማ ሊፈነዳ በሚችልበት አገር፣ ሊመከር አይገባም። የኋላ በሩ ከነመስታወቱ የሚነሣ መኪና ከሴዳን ይሻላል፤ በሴዳን የወንበሩ ጀርባና የብረት ግድግዳው ሰብዉፈሩን ከተሳፋሪው ክፍል ስለሚለዩ መተላለፊያ ካልተከፈተለት ድምፁ ከኋላው ታፍኖ ላሜራ ያንቀጠቅጣል።

የኋላው ስፍራ ከተሳፋሪው ክፍል ጋር ክፍት መሆኑ ግን አደጋም አለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ፍጥነቱ በ20 ጂ ገደማ ይቀንሳል፤ 15 ኪሎ የሚመዝን ያልታሰረ ሣጥን የ300 ኪሎ ጫና ይዞ ወደ ኋላ ወንበር ይወረወራል ማለት ነው። ሣጥኑ ከመኪናው ወለል ብረት ጋር በቡሎን መያያዝ አለበት፤ ምንጣፍ ላይ በማጣበቂያ ቬልክሮ ማስቀመጥ አይበቃም።

ኃይል

300 ዋት የሚያወጣና 80 በመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር ከ13.8 ቮልት 27 አምፔር ያህል ይስባል። ሙዚቃ ግን ከፍተኛውን ኃይል የሚጠይቀው ለቅጽበት ስለሆነ አማካዩ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው፤ ጤናማ ዲናሞና ባትሪ ይሸከሙታል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይገባል።

በኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ጉዳዩ አዲስ መልክ ይዟል። በኤሌክትሪክ መኪኖች የ12 ቮልቱ ኃይል የሚመጣው ከዲናሞ ሳይሆን ከዋናው ባትሪ ቮልቴጁን ከሚያወርደው መቀየሪያ በመሆኑ፣ አምፕሊፋየር ከመመረጡ በፊት የመቀየሪያው አቅም መታየት አለበት።