የካሎሪውን ሒሳብ ማን ሠራው?

ዛሬ ዛሬ ክብደት ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሩጫ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ክብደቱንና በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት እንደሚሠራ ስልኩ ላይ ይሞላል፤ ስልኩም ሳያቅማማ «በቀን 1,701 ካሎሪ» ብሎ ይፈርድበታል። እኛን የገረመን ይህች የመጨረሻዋ አንድ ናት። ማን ቆጥሮ ደረሰባት? ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው የምናገኘው ነገር ደግሞ የበለጠ ይገርማል፤ ሒሳቡን ካቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ ስለ መክሳት አላሰቡም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልን።)

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንቷን ላቮይዚዬና ፒዬር ሲሞን ላፕላስ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገቡና ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ መዘኑ። ከትንፋሿ ጋር ሲያስተያዩት፣ መተንፈስ ማለት ቀስ ብሎ መንደድ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። ላቮይዚዬ በ1794 በአብዮቱ ዘመን አንገቱን ተቀላ፤ ሐሳቡ ግን ተረፈ። «ካሎሪ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከ1819 በኋላ ባሉት ዓመታት ኒኮላ ክሌማን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሲያስተምርበት እናገኘዋለን። የክሌማን ትምህርት ስለ እንፋሎት ሞተር እንጂ ስለ ምሳና እራት አልነበረም።

ቃሉን ከሞተር አውርዶ የአሜሪካኖች ገበታ ላይ ያስቀመጠው ዊልበር አትዋተር ነው። አትዋተር ጀርመን አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1890ዎቹ በኮነቲከት ግዛት በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሮዛ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ሠራ። ሰው ገብቶባት ለቀናት ይኖራል፤ እዚያው ይበላል፣ ይተኛል፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል። የሚበላው ይመዘናል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ይለካል። ከዚህና ከመሰል ጥናቶቹ ያወጣቸው ቁጥሮች እስከ ዛሬ በብስኩት መጠቅለያ ላይ አሉ፦ ለአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ ለፕሮቲን 4፣ ለቅባት 9 ካሎሪ።

አትዋተርን እንቅልፍ የነሣው ግን የሠራተኛው ደሞዝ ነበር። በአንዲት ሳንቲም ብዙ ጉልበት የሚሰጠው ምግብ የቱ ነው? ይህ ነው ጥያቄው። በዚህ ሚዛን ባቄላና ዱቄት ሲመሰገኑ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንደ ቅንጦት ታዩ። አይፈረድበትም፤ በ1907 ሲሞት «ቫይታሚን» የሚለው ቃል እንኳ ገና አልተፈጠረም ነበር።

የአትዋተር የሥራ ባልደረባ የነበረው ፍራንሲስ ቤኔዲክት ሥራውን ቦስተን ላይ ቀጠለ። በ1919 ከጄምስ አርተር ሃሪስ ጋር ባሳተመው ጥናት 136 ወንዶች፣ 103 ሴቶችና 94 አራስ ሕፃናት ተለክተዋል። ሰው ጋደም ብሎ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ለመኖር ብቻ የሚያወጣውን ጉልበት ከክብደት፣ ከቁመትና ከዕድሜ የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ዓላማው የጤነኛውን ልክ አውቆ የታመመውን ከእርሱ ጋር ለማነጻጸር ነበር። ሁለት መቶ አርባ የማይሞሉ አዋቂ አሜሪካውያን፣ ሳያውቁት፣ ለዓለም ሕዝብ መለኪያ ሆኑ።

መክሳት ወደ ታሪኩ የገባው ከዚህ ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሌላ በር ነው። በ1918 ሉሉ ሃንት ፒተርስ የተባለች የሎስ አንጀለስ ሐኪም ስለ አመጋገብና ጤና ያሳተመችው መጽሐፍ እንደ ጉድ ተሸጠ። ጊዜው የጦርነት ነው፤ ምግብ መቆጠብ የአገር ፍቅር ነው። ፒተርስ አንባቢዎቿን «አንድ ቁራሽ ዳቦ» ማለት ትታችሁ «መቶ ካሎሪ ዳቦ» በሉ አለቻቸው። መክሳት ለሚፈልጉ ሴቶች የቆረጠችው ልክ በቀን 1,200 ካሎሪ ነበር። ይህ ቁጥር ከመቶ ዓመት በኋላም በየጂሙና በየመጽሔቱ ሲዞር እናየዋለን።

ልኩ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሚኒሶታ እንሻገር። በኅዳር 1944 አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያስራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ፣ ለሕሊናቸው ሲሉ ጦር ሜዳ አንዘምትም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ሰበሰበ። ከዚያም ለ24 ሳምንታት በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየሰጠ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር አስኬዳቸው። ሩብ የሚሆነውን ክብደታቸውን አጡ። በበጋ ሐሩር በረዳቸው፤ ቁጡዎች ሆኑ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እንደ ልብ ወለድ ማንበብ ጀመሩ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሰውነታቸው ራሱ ወጪውን ቀነሰ። በዕረፍት ላይ የሚያወጡት ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ኪስ «ረሃብ» ብሎ ካጠናው መጠን ያነሰ፣ ዛሬ «ዳይት» ተብሎ ይታዘዛል።

በ1958 ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም አንድ ፓውንድ (0.45 ኪሎ) የሰውነት ክብደት ከ3,500 ካሎሪ ጋር እኩል ነው ሲል ጻፈ። በቀን 500 ቀንስ፣ በሳምንት አንድ ፓውንድ ትጥላለህ የሚለው ስሌት በዚህ ላይ ቆመ። በ1990 ደግሞ ሚፍሊን፣ ሴንት ጆርና ባልደረቦቻቸው 498 ሰዎችን ለክተው አዲስ ቀመር አወጡ፤ ዛሬ ብዙ ስልኮች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። 30 ዓመቷ፣ 70 ኪሎ፣ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት እንውሰድ። ክብደቷን በ10፣ ቁመቷን በ6.25 አባዝተን እንደምራለን፤ ዕድሜዋን በ5 አባዝተን እንቀንሳለን፤ ሴት ስለሆነች 161 እንቀንሳለን (ለወንድ ቢሆን 5 ይደመር ነበር)። ውጤቱ 1,420 ነው። መካከለኛ ስፖርት ትሠራለች ብለን በ1.55 ስናባዛው 2,201 ይሆናል፤ 500 ስንቀንስ የስልኩ 1,701 መጣ ማለት ነው።

አሁን ስፖርቷን «ቀላል» እንበለው። ማባዣው 1.375 ይሆንና 2,201 የነበረው ወደ 1,953 ይወርዳል። በአንዲት ቃል ለውጥ 250 ካሎሪ፣ ማለትም ልትቀንሰው ካሰበችው 500 ግማሹ፣ በነነ። በዚያ ላይ ማባዣው ስፖርቱን አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ ከሩጫ መልስ «300 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ብላ ጭማሪ ብትበላ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው ማለት ነው።

የ500ዋም ነገር እንደ ድሮው አልቆመችም። በዊሽኖፍስኪ ስሌት በዓመት 23 ኪሎ መውረድ አለባት። በ2011 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ግን ሰውነት ሲቀልል ወጪውም ስለሚያንስ ቅነሳው እየዘገየ ይሄዳል፤ በዓመት የሚጠበቀው ከዚያ ግማሽ ገደማ ነው። በ2012 ሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ የሚኖሩትን የሃድዛ ሰዎች ሲለኩ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ይውሉ እንጂ የቀን ወጪያቸው፣ የሰውነት መጠን ታስቦ፣ ከምዕራባውያን ብዙም አልራቀም። ስፖርት ለልብ፣ ለጡንቻና የቀነሱትን ላለመመለስ ይረዳል፤ የበሉትን በሩጫ አወራርዳለሁ ማለት ግን ከባድ ዕዳ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ካሎሪ የተዋወቀን ከመክሳት ጋር አይደለም። በ1968 አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት አመጋገብ ተቋም ለኢትዮጵያ ምግቦች የይዘት ሠንጠረዥ ሲያወጣ ጭንቀቱ የምግብ እጥረት ነበር። የዕርዳታ እህል የሚሰላበት 2,100 ካሎሪም የሰውን ሕይወት ለማቆየት የወጣ ልክ ነው። ዛሬ በዚያው መለኪያ አንዱ ሰው ለመክሳት፣ ሌላው ላለመሞት ይቆጥራል። ቆጠራውም ቢሆን በእኛ ገበታ ቀላል አይደለም፤ እንጀራው እንደ ጋጋሪዋ ይወፍራል ይሳሳል፣ የወጡ ዘይት በዓይን ይፈሳል፣ ከአንድ ትሪ አራት ሰው ይጎርሳል።

ታዲያ ሒሳቡን እንጣለው? አንልም። ግምት ነውና እንደ ግምት ያዙት። የወጣላችሁን ቁጥር ለሦስት አራት ሳምንት ሞክሩት፤ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ተመዘኑ፤ ሚዛኑ ካልወረደ መቶ ሁለት መቶ ካሎሪ ቀንሱ፤ ከደከማችሁ፣ ከበረዳችሁ፣ ሐሳባችሁ ሁሉ ምግብ ከሆነ ደግሞ ጨምሩ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ከስልኩ ይልቅ የገዛ ሰውነታችሁን ጠይቁ፤ ቀመሩ ሲወጣ እናንተ ከተለኩት ውስጥ አልነበራችሁም።