ጨው ቀድሞ፣ ስኳር በኋላ

ወዳጆቼ፣ ሁዋሜይ የሚሉትን የቻይና ደረቅ የፕሪም ከረሜላ ቀመስኩት። መጀመሪያ ጨዉ ፊት ያጨማድዳል፤ ከዚያ ጉምዛዜው፣ ጣፋጩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ታሪኩም በዚሁ ተራ ነው የሄደው!

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጂያ ሲሺዬ የተባለ ሹም በእርሻ መጽሐፉ መነሻውን ጽፎታል፦ ጎምዛዛውን ፕሪም ሌሊት በጨው ውሃ ትዘፈዝፋለህ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ፤ 10 ሌሊት፣ 10 ቀን። በቃ። የስኳር ስም የለም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ የነገሥታት ስም ስትሸመድዱ የነበራችሁ፣ እስቲ ይህን ሹም ያዙልኝ። ስለ ጦርነት ሳይሆን ገበሬ ፍሬውን ሳይበላሽበት እንዴት እንደሚያቆይ ነው የጻፈው።

ንጉሥ ካላችሁም አለ፦ የታንጉ ታይዞንግ የሸንኮራ ስኳር አሠራር እንዲማሩለት ወደ ህንድ ሰው የላከው ከዚያ በኋላ፣ በ647 እ.ኤ.አ. ነው።