የዳሽቦርዱ ቁጥር ለምን ያሳስታል? ትልልቅ መኪኖች፣ የካምፓላ ኮረብቶች እና የነዳጅ ስሌት

ከካምፓላ ማዕከል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ናጉሩ ኮረብታ የኡጋንዳ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በቻይናና በኡጋንዳ ወዳጅነት የተሰየመ ሆስፒታል እና በርካታ የመኖሪያ ሕንፃዎች የሰፈሩበት ነው። ጠዋትና ማታ ዳገቱን ከሚወጡትና ከሚወርዱት መኪኖች መካከል በጃፓን የተሠሩ ትልልቅ ኤስዩቪዎች ጎልተው ይታያሉ። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ እና ፓትሮል የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ የእርዳታ ድርጅቶች እና አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ምርጫ ሆነው ቆይተዋል።

እነዚህ መኪኖች ኮረብታውን በቀላሉ ይወጣሉ። አስቸጋሪው ነገር በዳሽቦርዳቸው ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው። በታንኩ የቀረው ነዳጅ "400 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል" ያለ መኪና የከተማውን መጨናነቅ አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ 300 ሊል ይችላል።

ልዩነቱ ከኪስም ከደኅንነትም ጋር የተያያዘ ነው። ባለፉት ዓመታት በካምፓላ አንድ ሊትር ቤንዚን 5,000 ሽልንግ አካባቢ ሲሸጥ ቆይቷል። ማደያ ተራርቆ በሚገኝበት የሰሜን ኡጋንዳ ወይም የካራሞጃ መንገድ ላይ ደግሞ የተሳሳተ ግምት አምኖ መጓዝ መንገድ ላይ ያስቀራል።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር እንዴት ይሰላል? ለምንስ ከእውነታው ይርቃል?

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

መኪናው ወደፊት የሚጠብቀውን መንገድ አያውቅም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በታንኩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደቀረ እና በቅርቡ ምን ያህል ሲፈጅ እንደነበር። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሎ ርቀቱን ይተነብያል።

ለምሳሌ 40 ሊትር ነዳጅ የቀረው መኪና በቅርቡ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ሲፈጅ ከነበረ፣ ስክሪኑ 400 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ከኢንቴቤ በፍጥነት መንገዱ ያለ መቆራረጥ የመጣ መኪና እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ካምፓላ ሊገባ ይችላል። ከተማ ውስጥ ፍጆታው ወደ 16 ሊትር ካሻቀበ ግን ያው 40 ሊትር የሚያስኬደው 250 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ስሌቱን በትክክል ሠርቷል፤ ስህተቱ ነገ እንደ ትናንት ይሆናል ብሎ መነሳቱ ላይ ነው።

ሁለቱም መነሻዎች የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። አሽከርካሪዎች ሰልባትዮ በሚሉት የነዳጅ ታንክ ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ በሚል ተንሳፋፊ ነው። የብዙ ኤስዩቪዎች ታንክ ከሥር ያሉትን የመኪናው ክፍሎች ለማሳለፍ ሲባል ቅርጹ ወጣ ገባ የበዛበት ነው። መኪናው እንደ ናጉሩ ባለ ተዳፋት ላይ ሲቆም ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ጌጁ ከእውነተኛው መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ንባብ ሊሰጥ ይችላል።

በጥቂት በጥቂቱ የመቅዳት ልማድም የራሱ ድርሻ አለው። በአንዳንድ ሞዴሎች ኮምፒውተሩ አዲስ ነዳጅ መጨመሩን የሚገነዘበው መጠኑ ከተወሰነ ሊትር ሲያልፍ ነው። በ20,000 ሽልንግ የሚቀዳ አራት ሊትር ገደማ ነዳጅ ወዲያውኑ በስክሪኑ ላይ ላይታይ ይችላል።

የፍጆታው መጠን ደግሞ በአብዛኛው ከታንኩ አይለካም። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የተረጨውን ነዳጅ አስልቶ ይገምታል። ስለዚህ በስክሪኑ የሚታየው አማካይ ፍጆታ ማደያ ላይ ከሚከፈልበት ሊትር ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ካስገባም የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ራሱ ይዛባል፤ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ቆጣሪው ከሚያስበው ይረዝማልና።

ትልልቅ መኪኖች ላይ ልዩነቱ ለምን ይሰፋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል 2.45 ሜጋጁል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ቢኖረውም፣ አብዛኛው በሙቀት መልክ ስለሚባክን ከሩብ ብዙም ያልበለጠው ብቻ ጎማ ላይ ይደርሳል ብንል፣ ያ አንድ ዳገት ብቻ 0.3 ሊትር ያህል ይፈጃል። ግማሹን የሚመዝን ትንሽ መኪና የሚያስፈልገው የዚያን ግማሽ ነው። ቁልቁል ሲወረድ ከወጪው የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ ቀሪው በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ሁለተኛው ቆሞ መጠበቅ ነው። ትልቅ ሞተር ማቀዝቀዣው እየሠራ በቆመበት በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በጂንጃ መንገድ የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ መኪና ነዳጅ እየፈጀ አንድም ሜትር አይጓዝም። መኪናው ሳይነቃነቅ የቀሪው ርቀት ቁጥር ሲቀንስ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። የአየር ግፊቱ ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ ተቃውሞውን በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ቁመቱም ስፋቱም ትልቅ የሆነ፣ ከላዩም ፖርቶ መጋላ የተጫነበት ኤስዩቪ ከዝቅተኛ አውቶሞቢል የበለጠ ይጎዳል።

የቦታ ከፍታም ሚና አለው፤ ይሁንና ውጤቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ወደ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አሽከርካሪውም ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል። በሌላ በኩል የሳሳ አየር በመኪናው ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ አነስተኛ ነው።

ትልቅ ታንክ ደግሞ ስህተቱን ያጎላዋል። በብዙ ገበያዎች የተሸጠው ላንድክሩዘር 200 የ93 ሊትር ዋና እና የ45 ሊትር ተጨማሪ ታንክ፣ በድምሩ 138 ሊትር ይይዛል። ግምቱ በ15 በመቶ ቢሳሳት፣ 40 ሊትር በሚይዝ ትንሽ መኪና ላይ የስድስት ሊትር፣ በዚህ መኪና ላይ ግን ከ20 ሊትር በላይ ልዩነት ይሆናል።

የፋብሪካው ቁጥርስ?

ወደ ኡጋንዳ የሚገቡት አብዛኞቹ መኪኖች በጃፓን ያገለገሉ ናቸው። አገሪቱ እአአ 2018 ባወጣችው ሕግ ከተሠሩ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በጎረቤት ኬንያ ገደቡ ስምንት ዓመት ነው።

ገዢው በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የሚያነበው "በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር" የሚለው ቁጥር የተገኘው በላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጃፓን ቀደም ሲል ትጠቀምበት የነበረው 10·15 የተባለው ሙከራ ከፍተኛ ፍጥነቱ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። እሱን የተካው ጄሲ08 ደግሞ 82 ገደማ ይደርሳል። በጠፍጣፋ ሮለር ላይ፣ ያለ ጭነትና ያለ ማቀዝቀዣ የተገኘ ውጤት ሰባት ሰው ጭኖ ዳገት ስለሚወጣ መኪና የሚናገረው ጥቂት ነው።

አውሮፓ እአአ ከ2017 ጀምሮ ደብሊውኤልቲፒ የተባለ ጠንከር ያለ ሙከራ ሥራ ላይ አውላለች። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን በ2024 ይፋ ያደረገው ሪፖርት ልዩነቱ አለመዘጋቱን አሳይቷል። በመኪኖቹ ላይ ከተገጠሙ የነዳጅ መለኪያዎች በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ በ2021 የተመዘገቡ የቤንዚን መኪኖች በእውነተኛው መንገድ ላይ ያላቸው ፍጆታ ከተመሰከረለት ቁጥር በ23.7 በመቶ፣ የናፍጣዎቹ ደግሞ በ18.1 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

አምራቾች ራሳቸው የተጠየቁባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። ሀዩንዳይ እና ኪያ በ2012 በአሜሪካ አንዳንድ ኤስዩቪዎችን ጨምሮ የበርካታ ሞዴሎቻቸውን የነዳጅ ቁጥር ዝቅ አድርገው ለማረም ተገድደዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም 100 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመክፈል ተስማምተዋል። ሚትሱቢሺ ደግሞ በ2016 በጃፓን የ625 ሺህ ትንንሽ መኪኖች የነዳጅ ሙከራ መረጃ እንዲያምር ተደርጎ መቅረቡን አምኗል።

ኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ነፃ ናቸው?

ጥያቄው በተለይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚታዩት የኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው።

የእነዚህ መኪኖች "በአንድ ቻርጅ" የሚለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲኤልቲሲ ከተባለው የቻይና ሙከራ ነው። የሙከራው አማካይ ፍጥነት 29 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው፤ የአውሮፓው 46 ያህል ነው። ዝግታ ለኤሌክትሪክ መኪና ስለሚመች የቻይናው ቁጥር ከፍ ብሎ ይገኛል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ያ ቁጥር አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚደረግ ጉዞ ጥሩ ማሳያ ነው። መንገዱ በጥቅሉ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ መኪናው ጥቂት ይፈጃል፤ የተወሰነ ኃይልም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ አዳማ ላይ የሚነበበው ቀሪ ርቀት ያማረ ይሆናል። በመልሱ ጉዞ 2.2 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ይህም በጠፍጣፋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ነው። በሄደበት ቁጥር ተማምኖ የሚመለስ አሽከርካሪ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

በአዲስ አበባም የሚታየው ቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ በሰሜን አውሮፓ አሽከርካሪዎች ዘንድ ስለ ርቀት ግምቱ ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። አንዱ ምክንያት ስክሪኑ ዜሮ ሲል በባትሪው ውስጥ ገና ብዙ መጠባበቂያ መቅረቱ ነበር። ኩባንያው በ2023 ለአውሮፓ ገበያ የሶፍትዌር ማስተካከያ አስታውቋል። ቴስላ በበኩሉ ቅዝቃዜ ርቀቱን ምን ያህል እንደሚያሳጥር ለደንበኞች በበቂ አልገለጸም በሚል በዚያው ዓመት በደቡብ ኮሪያ 2.85 ቢሊዮን ዎን ተቀጥቷል።

አሽከርካሪው ምን ማድረግ ይችላል?

አስተማማኙ መለኪያ ከማደያ ማደያ ማስላት ነው። ታንኩን መሙላት፣ ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ፣ እንደተለመደው መንዳት፣ ከዚያም በድጋሚ መሙላትና የገባውን ሊትር በተጓዙበት ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ማባዛት ይበቃል። 420 ኪሎ ሜትር ሄዶ 63 ሊትር የቀዳ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። ስክሪኑ 13.2 ካለ የመኪናው ስህተት ታውቋል፤ ወደፊት የሚያሳየውንም በዚያው ልክ አርሞ ማንበብ ይቻላል። ስሌቱን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም፣ የሚቻል ከሆነም በአንድ ማደያ፣ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ መቅዳት ውጤቱን ያጠራዋል።

ከተማና ክፍለ ሀገርን ለይቶ መመዝገብም ይጠቅማል፤ ለአንድ ትልቅ ኤስዩቪ ሁለቱ የተለያዩ ዓለማት ናቸው። የጎማ ንፋስን በየጊዜው ማስለካት እና ባዶ ፖርቶ መጋላን ማውረድ ፍጆታን ይቀንሳሉ።

ከሁሉም በላይ የጌጁን የመጨረሻ መስመር አለመፈተን ይመከራል። ከዜሮ በኋላ የሚቀረው መጠባበቂያ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የነዳጅ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ በመሆኑ ታንኩን ማድረቅ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሞተሩ በድንገት ከጠፋም የመሪና የፍሬን እገዛው ይዳከማል። ይህ በሜዳ ላይ የሚያናድድ፣ እንደ ናጉሩ ባለ ቁልቁለት ላይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ረጅም መንገድ ለሚወጣ ሰው ሩብ ታንክ ሲቀር መቅዳት ከየትኛውም የስክሪን ቁጥር የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።