በጭድ ውስጥ የተደበቀ ወንጌል

እስቲ ዛሬ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ቼልምስፎርድ ወደምትባል ከተማ ልውሰዳችሁ። በ1538 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በየቤተ ክርስቲያኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲቀመጥ አዘዘ። በቼልምስፎርድ ድሆች እሁድ እሁድ ተሰብስበው አዲስ ኪዳን ሲያነቡ፣ ዊልያም ማልደን የሚባል ወጣት ይሰማ ነበር። አባቱ ግን እየመጣ ይወስደውና በላቲን ጸሎት ያስደግመዋል።

ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? በራሱ ማንበብ ተማረ። አባቱ ቤት ሙያ ከሚማር ጓደኛው ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አዲስ ኪዳን ገዛ፤ በመኝታው ጭድ ውስጥም ደበቀው።

አንድ ምሽት ስለ እምነት ከእናቱ ጋር ተከራከረ። እናቱ ለአባቱ ነገረች። አባቱ ጸጉሩን ይዞ ጎተተው፣ ደበደበው፣ በአንገቱም ገመድ አገባ! እናቱና ወንድሙ ናቸው ያስጣሉት። የተናገረችውም ያስጣለችውም ያችው እናት ናት። ማልደን ይህን ሁሉ ኋላ ራሱ ጽፎ አቆየልን።

ወገኖቼ፣ ከእናንተም መካከል በወንጌል ምክንያት ከቤት የተባረራችሁ፣ በደርግ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ የደበቃችሁ አላችሁ። ዛሬ እናንተ ራሳችሁ ወላጆች ናችሁ። ልጃችሁ ደብቆ ሲያነብ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ? ቁጣ ልጁን ከመጽሐፉ አይለየውም፤ ከእናንተ ይለየዋል እንጂ። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ምን እንደሚያነብ ጠይቁት፣ አድምጡት።

አንተም ልጄ፣ አንቺም ልጄ፣ ተደብቃችሁ የምታነቡት ቃል ወላጆቻችሁን እንድታከብሩ ያዛል። ጌታ ቤታችሁን ያስታርቅ። አሜን።