ጎመኑን ማን ይጠብቅ? ስለ ጓሮ አጥር ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ በሰፊው ሲተርኩ፥ የጓሮን አጥር ግን እምብዛም አያነሡም። ይሁን እንጂ በደጋው ገበሬ ዘንድ ጎረቤትና ጎረቤት ከሚካሰሱበት ነገር አንዱ ይኸው አጥር ስለሆነ፥ ጉዳዩን በአጭሩ ልንመረምረው አሰብን።

በመጀመሪያ ማሳና ጓሮ በአጠባበቅ የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጤፍና ስንዴ የተዘራበት ማሳ አብዛኛውን ጊዜ አጥር የለውም፤ የሚጠብቀው እረኛ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቃል። ጓሮው ግን በዚያው በበጋ፥ ጎመኑና ጌሾው በእንስራ ውሃ እየተጠጣ፥ እንደ ለመለመ ይቆያል። ሜዳው ደርቆ ከብቱ ያለ ጠባቂ በሚዞርበት ወራት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለላት እንስሳ ይህን ሳታይ አታልፍም።

መከላከያው ልዩ ልዩ ነው። የግራር እሾህ ቆርጦ መከመር ለጊዜው ይበጃል፤ ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል፥ ክረምት ያበሰብሰዋል፥ ማገዶ ያጠረው ጎረቤትም (ይህን መደበቅ አይገባም) በሌሊት ይመዘዋል። ስለዚህ ብልህ ባለጓሮ ቅንጭብ፥ ቁልቋል ወይም ኮሽም ይተክላል። የቅንጭብ ወተት የሚያቃጥል ስለሆነ ከብት ይሸሸዋል። በትግራይም ከአሜሪካ ምድር የመጣው በለስ አጥርም ምግብም ሆኗል። ጃርት ግን ከሥር ትገባለች፥ ጦጣም ከላይ ትዘላለች፤ ለእነርሱ መድኃኒቱ የሕፃን ልጅ ዓይን ነው። ከእኛም መካከል ከፊደል በፊት ወንጭፍ የያዝን አለን።

ሕጉስ ምን ይላል? ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ከብቱን በሰው እርሻ ያሰማራ ሰው ከራሱ እርሻ ከተመረጠው እንዲከፍል ያዛል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071፥ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን እንኳ፥ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ባለይዞታውም ጉዳት የሚያደርሰውን እንስሳ ለካሣው መያዣ እንዲሆነው ለመያዝ ይችላል። እንግዲህ በሕጉ ተጠያቂው ባለ ፍየሉ ነው።

በሽማግሌ ፊት ግን እንዲህ አይደለም። ባደግንበት አገር ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «አጥሩስ ደኅና ነበር?» ብለው ነው። አጥሩ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ካሣው ይቀንሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ይቀራል። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም፤ በበጋ ከብቱ የተለቀቀው በመንደሩ ሁሉ ስምምነት ነውና። ነገር ግን ከስምምነቱ የሚጠቀመው ብዙ ከብት ያለው ሲሆን፥ ወጪውን የሚሸከመው ባለጓሮው ነው። ጓሮውንም አብዛኛውን ጊዜ የምትኮተኩተው ሴት ናት፤ እሾህ መቁረጥና ማጠር ግን የወንድ ሥራ ተደርጎ ይቈጠራል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ለባለትዳሮች የሚስማማ ሊሆን ይችላል፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳታል። ፍየሉ ጎመኗን ይበላል፥ ቀጥሎም አጥሯን ስላላጠበቀች ትወቀሳለች። ከሳ ወደ ዳኛ እንዳትሄድ ደግሞ፥ በመጪው ክረምት እርሻዋን በሬ ጠምዶ የሚያርስላት ይኸው ባለ ፍየል ጎረቤቷ ነው።