ዘውድና ሰሌን፦ የዐፄ ካሌብ ዕቅድና ፍጻሜ

የአክሱሙ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ደቡብ ዐረብ ምድር ሲዘምቱ የተሰበሰቡላቸው መርከቦች ብዛት፣ ከመጡባቸው ወደቦች ስም ጋር፣ ተመዝግቦ ቆይቷል። በግሪክኛ የተጻፈው የቅዱስ ኂሩት ገድል እንደሚለው ከአይላ 15፣ ከቁልዝም 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፋራሳን 7፣ ከህንድ 9 መርከቦች መጡ፤ ድምራቸው 60 ነው። ንጉሡም ራሳቸው 10 መርከቦች አሠርተው ጨመሩበት።

ያው ገድል ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ስለ እኒሁ ንጉሥ ሌላ፣ እጅግ አጭር የሆነ ዝርዝር ያቀርባል። ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው ወደ ገዳም በገቡ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ይዘውት የወጡት ሀብት አንድ ሰሌንና አንድ ጽዋ ብቻ ነበር። ሰባ መርከብ ያሰለፈው ሰውና ሰሌን የተሸከመው ሰው አንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ያለው መንገድ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የበዓላቱ ዕለታት ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን።)

ዐፄ ካሌብ የታዜና ልጅ ናቸው። የዙፋን ስማቸው እለ አጽብሐ ሲሆን የግሪክ ጸሐፍት ይህንኑ ስም እንደየአንደበታቸው እየለዋወጡ ጽፈውታል። በወርቅ ሳንቲሞቻቸው ላይ መስቀልና የአባታቸው ስም ይነበባል። በዘመናቸው አዱሊስ የዝሆን ጥርስ የሚወጣባት፣ የሮምና የህንድ ሸቀጥ የሚገናኝባት ታላቅ ወደብ ነበረች። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ ንጉሡ ለዘመቻው በሚዘጋጁበት ወራት እዚያው ነበር። በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ በአዱሊስ ቆሞ የነበረው የጥንት የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የከተማውን ገዥ አዘዙ፤ ሥራውም ለኮስማስና ሚናስ ለሚባል ሌላ ነጋዴ ተሰጠ። በዙፋኑ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በተራ ዘርዝሮ አስቀርጿል። የጽሑፉ መጀመሪያ ግን ጎድሎ ስለነበር ድሉ ሁሉ ተነብቦ ባለድሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገልባጩ ሚናስም ኋላ መንኩሶ በሲና ባሕር ዳር በራይቱ ዐርፏል። ኮስማስ ይህን የሚናገረው በነገር መካከል እንደዋዛ ጣል አድርጎ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን የነጋዴ መጋዘንና የገዳም በር ያን ያህል የተራራቁ እንዳልነበሩ ያመለክታል።

የዘመቻው ምክንያት የናግራን ሰማዕታት ደም ነው። በ523 ገደማ በኢትዮጵያ ትውፊት ፊንሐስ፣ በዐረቦች ታሪክ ደግሞ ዙ ኑዋስ የሚባለው የሕምያር ንጉሥ ናግራንን ከብቦ፣ በሰላም ቃል በሯን ካስከፈተ በኋላ፣ ክርስቶስን አንክድም ያሉትን አረጋዊውን ኂሩትንና ብዙ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን አስፈጀ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ። ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 26 የምታስባቸው እነርሱን ነው። ወሬው በቤተ አርሻሙ ኤጲስ ቆጶስ በስምዖን መልእክት በምሥራቁ ዓለም ተሰማ፤ በቍስጥንጥንያ ዙፋን የነበረው ዮስጢኖስም የአክሱሙ ንጉሥ እንዲደርሱላቸው ተማጸነ።

ዘመቻው የመንፈሳዊ ቅናት ብቻ ነበር ማለት ግን ታሪክን ማቃለል ነው። አክሱም በማዶው ምድር ላይ ያላት የመንግሥትነት ጥያቄ ከዐፄ ካሌብ በፊት የነበረ ነው፤ የቀይ ባሕር ንግድም እንደዚሁ። የነገሥታት ሥራ ንጹሕ ሐሳብና የጥቅም ስሌት ተደባልቀው የሚገኙበት ነው፤ የማናቸውም ሰው ሥራ ከዚህ ብዙ አይለይም። ትልቁ ጥያቄ ሐሳቡ ከጅምሩ ጥሩ ወርቅ ነበር ወይ የሚለው ሳይሆን፣ በማን ፊት ተመዘነ የሚለው ነው።

ለዚህ ትውፊቱ ግልጽ መልስ አለው። ዐፄ ካሌብ ከመዝመታቸው በፊት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ወደሆኑት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደው ምክርና ቡራኬ ጠየቁ። አባ ጰንጠሌዎን ከአክሱም ጥቂት ራቅ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ለመቀመጥም ለመተኛትም በማትመች ጠባብ ጾማዕት ውስጥ 45 ዓመት በጸሎት የቆሙ አባት ናቸው። የግሪክኛውም ገድል ንጉሡ በጾማዕት 45 ዓመት የቈየ አንድ መነኮስ ዘንድ ሄደው እንደነበር ያውቃል። ከሁሉም አቅጣጫ መርከብ የሚጠባበቅ ንጉሥ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ከቆመበት ያልተንቀሳቀሰ ሰው ደጅ ሄዶ ሲቆም ማሰብ ያስደንቃል። አባ ጰንጠሌዎን ስለ መርከብ የሚያስተምሩት ነገር አልነበራቸውም። ንጉሡ ግን መርከቡን የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሯቸው፤ የጎደላቸው ከመርከቡ በኋላ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ሁለት ምሳሌዎችን አከታትሎ ይሰጣል። አንዱ ግንብ ሊሠራ አስቦ አስቀድሞ ኪሳራውን ስለሚያሰላ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በ10 ሺህ ሠራዊት 20 ሺህ የሚመጣበትን ለመግጠም ይችል እንደሆነ ተቀምጦ ስለሚመክር ንጉሥ። እነዚህ ምሳሌዎች ብዙ ጊዜ ዕቅድ ለማውጣት ማበረታቻ ሆነው ይጠቀሳሉ፤ ደግሞም ናቸው። ነገር ግን ጌታ ንግግሩን የሚያሳርገው ያለውን ሁሉ ስለሚተው ደቀ መዝሙር በመናገር ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የማይገናኝ ይመስላል፤ ሂሳብ ያዘ የተባለው ሰው ወዲያው ሁሉን ተው ይባላልና። ከዐፄ ካሌብ ታሪክ ጋር አያይዞ ለሚያነበው ግን ነገሩ ይገለጻል፦ መተውም በሂሳቡ ውስጥ የሚገባ ነው። ግንበኛ መሠረቱን የሚቆፍረው በላይ የሚያርፈውን ሸክም አስቀድሞ አስልቶ ነው፤ ጣሪያውን የረሳ የመሠረት ስሌት ስሌት አይባልም። የመጨረሻውን ቀን ያላስገባ የኑሮ ዕቅድም እንዲሁ ነው።

በ525 ገደማ ዐፄ ካሌብ ድል አደረጉ። አብያተ ክርስቲያናትን አሠሩ፤ ሱምያፋዕ የተባለውን የሀገሩን ክርስቲያን ተወላጅ አንግሠው ተመለሱ። በአክሱም የተገኘው የድንጋይ ጽሑፋቸው ስለ ሕምያር ዘመቻና በዚያ ስለተሠራው ቤተ ክርስቲያን ይናገራል፤ የመዝሙረ ዳዊት ቃልም ይገኝበታል።

የግሪክኛው ገድል ንጉሡ ከዚህ ድል በኋላ ወዲያው የመነኮሱ አስመስሎ ይተርካል። ሌሎች ምንጮች ግን ነገሩን ያዘገዩታል። በ531 ገደማ የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ወደ አክሱም በመጣ ጊዜ ዐፄ ካሌብ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ዮሐንስ መላላስ በዜና መዋዕሉ ያስቀረው የዚያ ዕለት ሥዕል በጣም ዝርዝር ነው፦ ንጉሡ በአራት ዝሆኖች በሚጎተት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ቆመዋል፤ በራሳቸው ላይ ወርቀ ዘቦ ጥምጥም፣ በክንዳቸው አምባር፣ በአንገታቸው የወርቅ ድሪ፣ በእጃቸው በወርቅ ያጌጠ ጋሻና ሁለት ጦር፤ በዙሪያቸውም መኳንንቱና እምቢልተኞቹ ነበሩ። መልእክተኛው የመጣው ስለ ሐር ንግድ ነበር። ሮማውያን ሐሩን ከፋርሶች እጅ ከሚገዙ በኢትዮጵያ በኩል እንዲያገኙት ፈለጉ፤ ይሁን እንጂ የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች የሚያርፉባቸውን ወደቦች ቀድመው ስለያዙ ሐሳቡ አልሠመረም።

ያልሠመረው ያ ብቻ አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው በሕምያር የቀረው ሠራዊት ከአብርሃ ጋር ሆኖ በሱምያፋዕ ላይ ተነሣ። ዐፄ ካሌብ 3 ሺህ ወታደር ቢልኩ ወታደሮቹ አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተደባለቁ። ሁለተኛ ጦር ላኩ፤ ያም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልላኩም። ፕሮኮፒዮስ ስለ ንጉሡ ምንኵስና ዝም ይላል፤ የእርሱ ጉዳይ ጦርነትና ንግድ ነበርና። ስንክሳሩና ገድሉ ደግሞ ስለ ዐመፁ ዝም ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን የሚታየው ሰው ከሁለቱ በተናጠል ከሚታየው ይልቅ ለአንባቢ ይቀርባል። በድል ማግሥት በደስታ ስካር ዘውድ የጣለ ሰው ሳይሆን፣ ድሉንም ክሽፈቱንም ለዓመታት የተሸከመ፣ ሦስተኛ ጦር መላክ ሲችል የተወ፣ ከዚያም በቃኝ ያለ ሰው ነው።

በቃኝ ማለት ለንጉሥ ብቻ የከበደ ቃል አይደለም። በሰው ሀገር ላለ ቤተሰብም ከባድ ነው። የስደተኛ ዕቅድ መጀመሪያው ግልጽ ነው፦ ወረቀት ማግኘት፣ ሥራ መያዝ፣ ወላጅ መርዳት፣ ቤት መግዛት፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማድረስ። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ስንፍናን አትባርክም። ችግሩ እያንዳንዱ ግብ ሲደረስበት ሌላ ግብ መውለዱ ነው። ሁለተኛ ሥራ ለአንድ ዓመት ብቻ ተብሎ ይጀመራል፤ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባን፣ ከልጅ ጋር ተቀምጦ ጸሎት ማስተማር ሁሉ ዕዳው ሲያልቅ ለሚመጣው ዘመን ይቀጠራሉ። ልጁ ግን የወላጁን ዕዳ ማለቅ አይጠብቅም፤ ያድጋል፤ አማርኛውንም ይረሳል። ዘለዓለምን ያሰበ ዕቅድ ሥራ አያስፈታም፤ ለሥራው ግን ወሰን ያበጅለታል። የትኛው ሰዓት የማይሸጥ፣ የትኛው እሑድ በትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይለወጥ እንደሆነ አስቀድሞ ይወስናል። ጾም፣ ዐሥራትና የጸሎት ጊዜያት ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ በቃኝ ማለትን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ያለማምዳሉ። በየዓርቡ በቃኝ ያላለ ሰው በሰባ ዓመቱ ድንገት በቃኝ ለማለት አቅም አያገኝም።

ሌላም አለ። በትውፊቱ መሠረት ዐፄ ካሌብ ሲመንኑ ዙፋኑን የያዙት ልጃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል ናቸው። ዛሬም በየአጥቢያው የሚሰማው የቅዱስ ያሬድ ዜማ የተደረሰው በእርሳቸው ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አባት የመርከብና የጦር ዘመን ነበራቸው፤ ልጅ የዜማና የአብያተ ክርስቲያናት ዘመን ሆነላቸው። አባት ዙፋኑን እስከ መጨረሻ እስትንፋሳቸው ይዘውት ቢቆዩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ልማድ አይደለም፤ አጥቢያው ዓመቱን በሚቆጥርበት በዓል ግን ጥያቄው ያለቦታው አይሆንም። በውጭ ሀገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ የተመሠረቱት ከሥራ መልስ በተሰበሰቡ፣ አዳራሽ በተከራዩ፣ ወንበር ደርድረው ምንጣፍ ባነጠፉ፣ ከደመወዛቸው ከፍለው ታቦት ባስመጡ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ያ ድካም የማይረሳ ነው። ነገር ግን ያን ቤት ለልጆች የሠራ ሰው ቁልፉን ለልጆች ለመስጠት ሲቸገር፣ ልጆቹ እዚያው ያደጉ መሆናቸውን ረስቶ ገና ናቸው ሲል፣ የሠራለት ዓላማ ከእጁ እየወጣ እንደሆነ አያስተውልም። ዘውድ የሚባለው በወርቅ የተሠራው ብቻ አይደለም፤ የሰበካ ጉባኤ ወንበርም፣ የቆየ የመዘምራን ኃላፊነትም፣ ማይክሮፎንም አለ። ማስረከብ የሥራው መጨረሻ ሳይሆን ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ ዐፄ ካሌብም መንግሥቱን በትነው አልሄዱም፤ ለተተኪ ትተው ነው የሄዱት።

ንጉሡ ያቆሙት የሕምያር አስተዳደር ግማሽ ምዕት ዓመት እንኳ አልዘለቀም። መጀመሪያ አብርሃ ወሰደው፤ በ570ዎቹ ገደማ ደግሞ የመን በፋርሶች እጅ ገባች። በጌታ መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም የተላከው ዘውድም የማይነካበት ስፍራ አላገኘም፤ በ614 የፋርስ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ይዞ የጌታን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፤ ንዋያተ ቅድሳቱንም ዘረፈ።

ከአክሱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ በዐፄ ካሌብና በዐፄ ገብረ መስቀል ስም የሚጠሩ ሁለት የምድር ውስጥ መቃብሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። በካሌብ መቃብር ድንጋዮቹ ቅርጻቸው አንዱ ከሌላው የተለያየ ሆኖ ሳለ ተገጣጥመው የቆሙ ናቸው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ግጥግጥ በቀላሉ አልፎት አይሄድም። የንጉሡ ዐፅም ግን በዚያ እንዳልገባ፣ ይልቁንም በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንዳረፈ በአካባቢው ይነገራል። ገዳሙ ዛሬም በዚያው ኮረብታ ላይ አለ። ግንቦት 20 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ስማቸው ይጠራል።