ከጠገራ ብር እስከ ወረቀት
በጅማ የቡና ገበያ የገንዘብ አቆጣጠር ታሪክ

ማንኛውም የገበያ ልውውጥ በሁለት ልኬቶች ይፈጸማል፤ አንደኛው የዕቃው ሲሆን ሁለተኛው የገንዘቡ ነው። ስለ ቡና ሚዛን ብዙ ተብሏል፤ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚቆጠር ግን እምብዛም ሲጻፍ አይታይም። ይሁን እንጂ የቡና ገበሬው የዓመት ድካሙን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው፣ ፈረሱላው ከሚዛን ወርዶ ሒሳቡ በመዳፉ ላይ በሚቆጠርባት አጭር ጊዜ ነው። የጅማና በዙሪያዋ የሚገኙት የቡና ከተሞች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

አሞሌና ጠገራ

በጊቤ ምድር የነበሩት መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ከቀይ ባሕር ወደቦች ጋር የሚገናኙት በሲራራ ነጋዴዎች አማካይነት ነበር። ለዝርዝር ክፍያ ያገለግል የነበረው ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ቢቸግር የሚበላ ገንዘብ ስለሆነ ይወደድ ነበር፤ ነገር ግን እርጥበት ያሟሟዋል፣ በመንገድ ይሰበራል፣ ዋጋውም ከጨው ምድር በራቀ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ለከባድ ክፍያ የሚመረጠው ጠገራ ብር ሆነ።

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ገዥ የማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ሲሆን፣ እርስዋ ከሞተችበት ከእ.ኤ.አ. 1780 በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ቀርቷል። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱም ከ1000 እጅ 833 ነው። ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ይህ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ጠርዙን የሚሞርድ ወይም የሚቆርጥ ሰው ጽሑፉን ስለሚያበላሽ ሌብነቱ ወዲያው ይታወቅበታል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ ጣቱን በጠርዙ ላይ በማዞር ሊመረምረው ይችል ነበር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ መቀመጫቸው ጅሬን፣ ታላቁ ገበያቸው ደግሞ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያለው ሂርማታ ነበር። ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር በመክፈል የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለጠበቁ ንግዱ ደርቶ ኖረ። የዛሬዋ የጅማ ከተማም ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያዎች ክፍያ የሚፈጸመው በጥድፊያ አልነበረም። ተቀባዩ እያንዳንዱን ብር አገላብጦ ያያል፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ካለው ጌጥ ዘጠኙ ፈርጦች በግልጽ መታየታቸውን ያረጋግጣል፤ ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልሳል። 1000 ጠገራ 28 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ገንዘቡ ራሱ እንደ ጭነት በበቅሎ የሚጓዝ ነበር። አድካሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ከፋዩም ተቀባዩም የሚያዩት አንድ ነገር ስለነበረ፣ የመመርመር ሥልጣን በሁለቱም እጅ ነበር።

የገንዘቦች መፈራረቅ

ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ቢያስመቱም፣ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ በቶሎ አልተወም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክና በ1923 ዓ.ም. የተተካው የኢትዮጵያ ባንክ ያወጧቸው የወረቀት ገንዘቦችም ከዋና ከተማው ርቀው ብዙ አልተሠራጩም። ምክንያቱ ድንቁርና አልነበረም። ብሩን ጣት ይመረምረዋል፤ ወረቀቱን ግን ያወጣው ባንክ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ይህን ስለተረዳች፣ የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክባ ከእ.ኤ.አ. 1935 ጀምሮ በሮም አስመታች፤ ሊሬውን ግን በግድ ልታስለምድ ሞከረች። ከነፃነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒ፣ የግብጽ ፓውንድና ጠገራ በአንድነት ይዘዋወሩ ነበር። በዚህ ጊዜ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ምንዛሪውን የማያውቅ ሻጭ ሳይሸወድ መዋል አስቸጋሪ ነበር።

ይህ መደበላለቅ ያከተመው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በታወጀ ጊዜ ነው። ከወረቀቶቹ ጋር የ50 ሳንቲም የብር ገንዘብ አብሮ መውጣቱ፣ ብር የለመደውን እጅ ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ለማሻገር ረድቷል። አንድ ብር ሁለት ሽልንግ ስለነበረም ሕዝቡ 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ሲል ኖረ።

ቆጠራ ለማን ይጠብቃል?

የገንዘብ ቆጠራ ሥርዓት እጅግ ጠብቆ የሚታየው በውጭ አገር ቁማር ቤቶች ነው። በዚያ የጠረጴዛው ሠራተኛ የተቀበለውን ወረቀት ሁሉ ዘርግቶ ያሳያል፤ በገንዘብ ምትክ የሚያገለግሉትን ቺፕሶች ሃያ ሃያ አድርጎ ይደረድራል፤ አንዱን ድርድር ቆጥሮ ሌላውን በቁመት ያስተካክላል፤ ከጠረጴዛው ሲነሳም ባዶ መዳፉን ገልብጦ ያሳያል። ከበላይ ደግሞ ካሜራ ይመለከተዋል። ተጫዋቹም ከዚህ ይጠቀማል፤ ይሁንና ሥርዓቱ በመጀመሪያ የቤቱን ገንዘብ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው። በሂርማታ ግን ጠባቂው ሻጩ ራሱ ነበር።

በጥቅምት 1969 ዓ.ም. እና በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። በሁለተኛው ለውጥ 10፣ 50 እና 100 ብር በአዲስ ሲተኩ 200 ብር ተጨምሯል፤ ገጠር ያለው ገበሬም የአዲሱን ኖት ምልክት እንደገና መማር ነበረበት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ የነጋዴው ቡና በጅማው መጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ሒሳቡ በባንክ ይተላለፍ ጀመር። ገንዘቡ ከቁጥርነት በቀር የሚዳሰስ ነገር የለውም።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ 28 ኪሎ ብር በበቅሎ መጫን ቀርቷል፤ የሽፍታም ሥጋት ቀንሷል። ሆኖም ከጠገራ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ባንክ መዝገብ በተሻገርን ቁጥር፣ የመመርመሩ ሥልጣን ከሻጩ ጣት ወደ ተቋማት እጅ ተዛውሯል። የጠገራውን ጠርዝ የነደፈው ባለሙያ የማያውቀው ገዢና የማያውቀው ሻጭ እኩል እንዲመረምሩ አድርጎ ሠርቶታል። ዛሬ ሚዛኑን፣ ደረሰኙንና የሒሳብ መልእክቱን የሚነድፉ ባለሙያዎችም ከዚህ ያነሰ ሊጠበቅባቸው አይገባም። የአጋሮ ወይም የሊሙ ገበሬ የተከፈለውን ራሱ አይቶ «ሞልቷል» ማለት ካልቻለ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ቢፈጥን ተፈጸመ ሊባል አይችልም።